ቻይና ውስጥ የተናገርኳቸው ስድስት ጥፋቶች

የሲኒ ምድጃው ኃላፊነት የእኔ ነበር፤ ተነጠቅኩ። ምድጃውን እንድይዝ ተብሎ ቻይና ድረስ የተላክሁት እኔ፣ ሰባት ወር እሳት ሥር የቆምኩት እኔ፣ ስመለስ የተሾመው ሌላ ሰው። ለምን ሲባል፣ "በገዛ አፉ አምኗል" ተባለ። ሙግቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ነገሩ እስከ ዛሬ ስላልገባኝ ነው።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጉለሌ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ገንቦዋን ይገዛሉ፣ ዓይኗን ይሸሻሉ። እኔ ጭቃ ውስጥ ነው ያደግኩት። ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠርኩም፤ ጭቃ ግን በጣቴ ነካ አድርጌ እሳት ላይ ይሰነጠቅ አይሰነጠቅ እናገር ነበር። በዚህ ምክንያት ነው ከሸጎሌ መንገድ ወረድ ብሎ ባለው የመንግሥት የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ የተቀጠርኩት። እዚያ ማሰሮና የአበባ ማስቀመጫ እንሠራለን። ጃንሆይ ቻይናን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ ከቻይኖች ጋር ብዙ ነገር ይጀመር ነበርና፣ "ሲኒ ከውጭ የምናመጣው እስከ መቼ ነው፤ ሁለት ሰው ይሂድና የሚያብረቀርቀውን ሲኒ መሥራት ይማር" ተባለ። እጅ ያለው እኔ ተመረጥኩ። አፍ ያለው ደግሞ የቢሮው ጸሐፊ ተመረጠ፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ። በዕድሜ ስለምበልጠው "ጋሼ" ይለኛል። አለቃችን ሁለታችንን ጠርቶ፣ እኔን በጣቱ እያመለከተ፣ "አንተ ስትመለስ ምድጃው ያንተ ነው። እሱ ያስተረጉምልህ፣ አንተ ተማር" አለ። ጸሐፊውም ሰምቷል። እጅ ነስተን ወጣን።

ቻይና ስንደርስ የመጀመሪያው ግራ መጋባት ጭብጨባ ነው። የሸክላ ፋብሪካው በር ላይ መቶ የሚሆን ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ እግሬን ከመኪናው ሳወርድ ማጨብጨብ ጀመረ። ከኋላዬ የመጣ ትልቅ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም።

"ለኛ ነው" አለኝ ጸሐፊው።

"ምን አደረግን?"

"መጣን።"

ለመጣ ሰው ይጨበጨባል? እጄን አጣምሬ ቆምኩ። እነሱ ያጨበጭባሉ፣ እኔ ቆሜያለሁ። ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ ቀስ በቀስ እየጠፋ ሄደ። በኋላ ነው የተነገረኝ፤ የተጨበጨበለት ሰው መልሶ ማጨብጨብ አለበት። እኛ አገር ለራሱ የሚያጨበጭብ ሰው ጸበል ይወሰዳል። እዚያ ደግሞ የማያጨበጭበው ነው ኩራተኛ የሚባለው።

ውሃ ስጠይቅ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ አመጡልኝ። ሻይ ቅጠል የለው፣ ስኳር የለው፤ እንዲሁ የፈላ ውሃ። ወሩ ግንቦት፣ ሙቀቱ ሸሚዝ ከገላ ጋር የሚያጣብቅ፣ እኔ ደግሞ ምድጃ ሥር ውዬ የመጣሁ። ጎንበስ ብዬ ከቧንቧ ስጠጣ አንዲት የጽዳት ሴትዮ አይታኝ መርዝ የጠጣሁ ይመስል ጮኸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዬ አጠገብ ሁለት ፔርሙዝ ይቀመጥልኛል። በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሲጠማው ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር።

ምሳ ከተበላ በኋላ ደግሞ ፋብሪካው በሙሉ ይተኛል። ቀልድ አይደለም። ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ አግዳሚ ላይ፣ ገለባ ላይ፣ ኃላፊው ወንበሩ ላይ፣ ዘበኛው በሩ ላይ። መጀመሪያ ቀን ምሳዬን በልቼ ስመለስ ሁሉም ወድቆ ሳይ ወረርሽኝ የገባ መሰለኝ፤ አንዱን ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት። ዓይኑን ከፍቶ አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ መልሶ ተኛ። እኔ በጠራራ ፀሐይ መተኛት አልችልም። እንግዲህ እነሱ በሚተኙበት ሰዓት ግቢውን እየዞርኩ፣ የጭቃ ገንዳውን እያማሰልኩ፣ ባልዲ እያንኳኳሁ ስንቱን ቀሰቀስኩ። ማንም አልተቆጣኝም። የማይቆጣ ሰው መሃል መኖር ከባድ ነው፤ የቱ ጋ እንዳጠፋህ አታውቅም።

ምግቡ ግን የባሰ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የአሳማ ሥጋ ቀረበ። ጸሐፊውን "ንገርልኝ፤ እኛ አሳማ አንበላም" አልኩት። እሱ በእንግሊዝኛ ለአስተርጓሚዋ ነገራት፤ ጸጉሯን ሁለት ቦታ የጎነጎነች ወጣት ሴት ነች። እሷ ለኃላፊዎቹ ነገረች። እነሱም ተመካከሩና በጣም ደስ አላቸው፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። በማግስቱ በመኪና ጭነው፣ ከተማውን አቋርጠው፣ አንድ ምግብ ቤት ወሰዱን። ባለቤቶቹ ነጭ ቆብ አድርገዋል። የበግ ሥጋ በትልቅ ሳህን መጣ። ደስ ብሎኝ እጄን ልሰድ ስል ግድግዳው ላይ የዓረብ ጽሑፍ አየሁ።

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አልኩት ጸሐፊውን።

"የእስላም ቤት ነው ጋሼ። አሳማ አንበላም ስላልን እስላሞች ነን ብለው ነው።"

"በጉን ማን ባረከው?"

"ማን እንደባረከው ታውቃለህ። ብላ በቃ፤ እግዜር እዚህ ድረስ አያይም።"

"አንተን አያይህ ይሆናል" አልኩት፤ ሳህኑንም ገፋሁት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ፊት አሁንም ትዝ ይለኛል፤ ከሰላሳ ዓመት በኋላ ልጁን ያገኘ ያህል ደስ ብሎት ነበር፤ ሳህኑን ስገፋ ምን እንደሆንኩ ጠየቀ። ጸሐፊው ለአስተርጓሚዋ ምን እንዳላት አላውቅም፤ እሷ መጻፊያ ደብተሯን ይዛ አፏን ከፍታ ቀረች። አሳማ አይበላም፤ እስላም አይደለም፤ በግ ይበላል፤ ይህን በግ ግን አይበላም። ይህን ለኃላፊዎቹ እንዴት ብላ ታስረዳ? ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እንቁላልም አልበላም ስል ታምሟል ተብሎ ሐኪም መጣብኝ። ሐኪሙ የእጄን ትርታ በሦስት ጣቱ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የግማሽ ቅዳሴ ያህል ቆየ። ከዚያ "ጉበቱ ተናዷል" አለ። ጉበቴ ሳይሆን እኔ ነኝ የተናደድኩት ብል ማን ያስተረጉምልኛል?

በመጨረሻ ለእኔ ብቻ አትክልትና ዓሣ የሚሠራ ወጥ ቤት ተመደበ። በዚያን ሰሞን የሚያስተምረን ሽማግሌ ራት ጋበዘን። አርባ ዓመት ምድጃ ሲያነድ የኖረ ሰው ነው፤ ቅንድቡ በእሳት ተበልቶ አልቋል። አጠገቡ አስቀመጠኝ። ከዓሣው ጉንጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ በሁለቱ እንጨቶቹ አንስቶ፣ ዘርግቶ፣ ወደ እኔ አመጣው። ጉርሻ መሆኑ ነው፤ ደስ አለኝ፤ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የመጀመሪያው የገባኝ ነገር ነው። አፌን ከፍቼ አንገቴን ዘረጋሁ።

ሽማግሌው ደነገጠ። እንጨቶቹ አየር ላይ ቆሙ። ጎድጓዳ ሳህኔ ላይ ሊያስቀምጥልኝ ነበር ለካ፤ እዚያ ሰው ሰውን የሚያጎርሰው ሳህኑ ላይ ነው። አፌን ከፍቼ ስቀር ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው ራሱ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። ትንሽ አሰበና፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ዓሣውን አፌ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት፤ ይህን ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም በኋላ ስለተናገርኩት ነገር እሱን ተጠያቂ አድርጌ ስረግመው ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ስብሰባ አለ። ሃያ የምንሆን የምድጃ ሰዎች አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ ሻይ ይቀርባል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሱ ጥፋታቸውን ይናገራሉ። የሰው ጥፋት አይደለም፤ የራሳቸውን። "በዚህ ሳምንት ቸኩዬ ሁለት ሳህን ሰበርኩ።" "ባልደረባዬ ላይ በልቤ ቀናሁ።" መጀመሪያ ሲተረጎምልኝ ችሎት መሰለኝና ዳኛውን ፈለግኩት። ዳኛ የለም። የሚቀጣም የለም። አንድ ቀን ሽማግሌው ራሱ ተነሳ፤ ትልቁ የምድጃ መምህር፤ ከሰል እንዳባከነና የወጣቶችን ሐሳብ እንደናቀ ተናገረ። ነገ ይባረራል ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ስመጣ ምድጃው ፊት ቆሟል፤ ያው መምህር፣ ያው ቦታ። ሰዎቹም ከበፊቱ ይልቅ አከበሩት።

"ይሄ ንስሐ ነው?" አልኩት ጸሐፊውን።

"እኔ እንጃ። ንስሐ በሰው ፊት አይደረግም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ጋሼ፣ እኔ የሚሉትን ነው የምተረጉመው፤ ለምን እንደሚሉት አልተነገረኝም።"

ሰባት ወር ሙሉ እኛን እንግዶች ናቸው ብለው አልጠየቁንም። ልንመለስ ሳምንት ሲቀረን ግን በመጨረሻው ቅዳሜ አስተርጓሚዋ፣ "እንግዶቻችንም ከፈለጉ ይናገሩ፤ ግዴታ የለም" አለች። መጀመሪያ ጸሐፊው ተነሳ። "አንዳንድ ጊዜ አገሬ ናፍቆኝ ሐሳቤ ይበተን ነበር" አለና ተቀመጠ። ሰዎቹ በትህትና አጨበጨቡ፤ ግን ቅር እንዳላቸው ገባኝ። እንግዲህ እኔ ተነሳሁ።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም። ልቤ ውስጥ ለሰባት ወር የተጠራቀመ ግራ መጋባት ነበር፤ አንድ ነገር እንኳ እነሱ እንደሚያደርጉት በትክክል ላድርግ ብዬ ይሆናል። ስድስት ነገር ተናገርኩ። አንደኛ፣ ለክብሬ የተሠራ ምግብ ሁለት ቦታ ገፍቻለሁ። ሁለተኛ፣ ሲያጨበጭቡልኝ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ሦስተኛ፣ የደከመ ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሻለሁ። አራተኛ፣ ሲኒዎቹ ወደ እሳት የሚገቡበትን የሸክላ ሳጥን ሰብሬ ስብርባሪውን ከሰሉ ሥር ቀብሬያለሁ። እዚህ ላይ ሽማግሌው ሳቀ፤ ለካ ያውቅ ነበር። አምስተኛ፣ ሽማግሌው አርባ ቀን ጭቃ ብቻ ሲያስረግጠኝ እጁ ይድረቅ ብዬ በልቤ ረግሜዋለሁ።

ጸሐፊው ሱሪዬን ሳብ አደረገኝ። "በቃ ጋሼ፤ ይበቃሃል፤ ተቀመጥ። እየጻፉት ነው እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"ተርጉም!" አልኩት። የቀና መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም እኔን ሲያዩ የነበረው አስተያየት አስክሮኝ ነበር። ሸክላ ሠሪን ሰው እንደዚያ አያየውም።

ስድስተኛውን ተናገርኩ። ሲኒውን የሚያብረቀርቀውን የቅብ ዱቄት አንድ ጭብጥ በወረቀት ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ አገሬ ወስጄ ላየው ፈልጌ ነው፤ ሳይፈቀድልኝ ወስጃለሁ፤ በሦስተኛው ቀን አፍሬ መልሼዋለሁ። "መስረቅ ነው" አልኩ። ከዚያ ሽማግሌው ተነሳና ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሁሉም ተነሱ። እኔም አጨበጨብኩ። በመጨረሻ ተምሬ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። በማግስቱ የሥልጠናው መግለጫ ተብሎ አንድ ወረቀት መጣ፤ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ አተምኩበት። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ በአማርኛም ቢሆን ያው ነበርኩ።

ጉለሌ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት አለቃችን አስጠራኝ። ለምድጃው ነው ብዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን በታዘዘው መሠረት ወደ አማርኛ መልሶት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ በቀይ እርሳስ ተሰምሮበታል።

"ይህ ጣት ያንተ ነው?"

"የኔ ነው ጌታዬ።"

"'ዱቄት ሰርቄያለሁ' ብለሃል?"

"ብያለሁ፤ ግን መልሻለሁ።"

"ማን ያዘህ?"

"ማንም አልያዘኝም።"

"ማንም ካልያዘህ ለምን ተናገርክ?"

ይህን ጥያቄ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

"መትተውህ ነው?" አለ አለቃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ነበር። "አስፈራርተውህ ከሆነ ንገረኝ፤ እሱን እንጽፋለን።"

"ኧረ የለም ጌታዬ። አጨበጨቡልኝ።"

"ሌባ ነኝ ስትል?"

"አዎ ጌታዬ።"

"አንተስ?"

"እኔም አጨበጨብኩ።"

መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። "ለራስህ ሌብነት አጨብጭበህ የመጣህ ሰው ላይ የመንግሥት ምድጃ አልጥልም" አለ። ስለ ቅዳሜው ስብሰባ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ሽማግሌው ራሱ ከሰል አባክኛለሁ ብሎ እንደተናገረና ማንም እንዳልነካው ነገርኩት። "እሱ እዚያ ነው የተናገረው፤ አንተ ግን እዚህ ነህ" አለኝ። በዚያው ሳምንት ጸሐፊው የምድጃው ኃላፊ ሆነ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ስነግራት በሳቅና በእልህ መሃል ቆመች። "አንተ ሰውዬ፣ ለንስሐ አባትህ በዓመት አንዴ የማትናገረውን ለቻይና ሄደህ ተናዘዝክ? ደግሞ ሰርቄያለሁ! ምን ሰርቀህ ነው? ወርቅ ነው? አፈር ነው እኮ! ስትመለስ ደግሞ ለእኔ እንኳ ጨርቅ አላመጣህም!"

"መልሻለሁ አልኩሽ።"

"እሱን ነው የምልህ! የመለሰ ሰው ምን ያስለፈልፈዋል?"

እኔ ግን በውስጤ ጥፋተኛውን አግኝቼ ነበር። ጸሐፊው ነው። ወረቀቱን ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ፣ ቦታውን ያገኘው እሱ። ያላልኩትን ጨምሮብኛል፣ ያልኩትን አጣሞብኛል ብዬ ወሰንኩ። ግን እንዴት ላረጋግጥ? ወረቀቱን ብሰርቀው እንኳ ለማን አስነብበዋለሁ? እንግዲህ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ፊደል ልቆጥር ተነሳሁ። ቁስቋም ዳገት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ አንድ የኔታ ጎልማሶችን ከሥራ በኋላ ያስተምራሉ። የመጀመሪያ ቀን፣ "አንተ ሸክላ፣ ምን ልታነብ ነው የመጣኸው? ዳዊት ነው?" አሉኝ።

"ክሴን ነው የኔታ።"

"እንግዲያው ቶሎ ትማራለህ" አሉ። እውነታቸውን ነው።

በዚያ ዓመት በጸሐፊው ሥር ሠራሁ። ነገሩ አሳፋሪ ነበር፤ ለሁለታችንም። እሱ ወረቀቱን ይፈርማል፣ እኔ እሳቱን አነዳለሁ። የቻይናው ምድጃ በከሰል ነበር፤ የኛ በባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ስለዚህ የተማርነውን እንደገና በእጃችን መፈለግ ነበረብን፤ ደግሞ እጁ የኔ ነው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ መጥቶ ጎኔ ይቆማል። "ጋሼ፣ አሁን እንክፈተው?" ይላል።

"ኃላፊው አንተ ነህ።"

"ኧረ ተው በናትህ፤ እንክፈተው?"

ብዙ ጊዜ እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ግን አልነገርኩትም። ጊዜው እንዳልደረሰ እያወቅኩ "እንደፈለግክ" አልኩት። ከፈተው፤ ቀዝቃዛ አየር ገባበት፤ የአንድ ሳምንት ሲኒ እየጮኸ ተሰነጠቀ፤ ጭው ጭው ሲል እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። እሱ ፊቱ አመድ መስሎ ቆመ። እኔ ሆን ብዬ እንዳደረግኩት ያውቃል። ለአለቃችን ሲጽፍ ግን "እንጨቱ እርጥብ ነበር" ብሎ ጻፈ። ይህ ሰው ጠላቴ ከሆነ ይህን ለምን አደረገ? ከዚያ በኋላ በደንብ ልጠላው አቃተኝ፤ በደንብ ልወደውም አልቻልኩም።

መስከረም ጠብቶ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ጸሐፊው ወደ ማታ ሠራተኛው ሲወጣ መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣና ዘረጋልኝ። "ማንበብ ቻልክ አሉኝ ጋሼ። ይኸው አንብብ። እኔ ላይ የያዝከውን ነገር ወይ ያዘው ወይ ተወው።"

የእንጨት ክምር ላይ ተቀምጬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩ። ምግቡ አለ። ጭብጨባው አለ። እንቅልፉ፣ የተሰበረው ሳጥን፣ እርግማኑ አለ። ዱቄቱም አለ፤ መመለሴም ተጽፏል። አንድ ቃል አልተጨመረም፤ አንድ ቃል አልጎደለም። ያልኩትን ነው የጻፉት፤ የጻፉትን ነው የመለሰው። አንድ ዓመት ሙሉ ዳገት የወጣሁት ልጁ ሐቀኛ መሆኑን ለማወቅ ነው። ግን ከስድስቱ በታች፣ ቀይ እርሳሱ ያልደረሰበት ሌላ መስመር ነበር፤ "ይህ ሰው ጥፋቱን ሳይጠየቅ በራሱ አንደበት በመናገሩ ከሠልጣኞች ሁሉ የታመነ መሆኑን አሳይቷል፤ ምድጃ ሊሰጠው ይገባል" ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በትክክል ያነበብኩ ስላልመሰለኝ ጸሐፊውን "አንብብልኝ" አልኩት። ያው ነው።

"ይሄን አለቃችን አላየውም?"

"አይቶታል። ቀዩ እርሳስ እላይ ነው ያለቀው።"

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ አለቃችን ፊት ቆምኩና የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እየተንተባተብኩ ነው፤ ግን አነበብኩ። አለቃችን ፊቱ ፈካ።

"ማንበብ ተማርክ? ጎበዝ! እንዲህ ነው ሰው!" አለ። "እስቲ ከፍ ብለህ ደግሞ ስድስተኛውን አንብብልኝ።"

አነበብኩለት።

"ታዲያ ምን ልሁን ነው የምትለኝ? የታመነ ሌባ ብዬ ልሹምህ?"

"ጌታዬ፣ እነሱ ጋ ይህ ነውር አይደለም፤ ክብር ነው።"

"እኛ ጋስ?"

"እኛ ጋ..." አልኩ። እኛ ጋ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

"አቤቱታ ጻፍ" አለኝ በደህና ቃል። "አሁን መጻፍም ትችላለህ። 'አጥፍቻለሁ፤ ምሕረት ይደረግልኝ' በል። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።"

"ምን አጠፋሁና ምሕረት እጠይቃለሁ?"

"ስድስት ነገር" አለ።

አልጻፍኩም። ሚስቴ "ጻፍ፤ ምን ይጎድልሃል?" አለች፤ የኔታ ሳይቀሩ "ምሕረት መለመን ለማንም ነውር አይደለም" አሉ። እኔ ግን አንዴ በአፌ ተናግሬ ያየሁትን አይቻለሁ፤ በእጄ ጽፌ አልደግመውም አልኩ። ምድጃውን የምፈልገው ለሹመቱ ብቻ አልነበረም። እሳቱን የማውቅ እኔ ሆኜ በሌላ ሰው ፊርማ ሲኒ ሲወጣ ማየት አንገብግቦኝ ነው። ደግሞም ጥፋት የለበትም የሚል ቃል እንዲጻፍልኝ ፈለግኩ፤ በወረቀት የጠፋ ስሜ በወረቀት እንዲመለስ።

ኅዳር ላይ ጸሐፊው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ሊሰናበተኝ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ምድጃው ሁለታችንንም ፈጀን" አለኝ። እጄን ጨብጦ ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ አለቃችን አስጠርቶ ደብዳቤ ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩ፤ አሁን አልንተባተብም። "ጥፋቱን በማመኑና በመጸጸቱ ምሕረት ተደርጎለት የምድጃው ኃላፊ እንዲሆን ተፈቅዷል" ይላል።

"ጌታዬ፣ እኔ እኮ ምሕረት አልጠየቅኩም።"

"አውቃለሁ። እኔ ጠየቅኩልህ። አንተ ደረቅ ነህ።"

"አልተጸጸትኩምም።"

"በቻይና ፊት ቆመህ ስትናገር ምን ነበር ታዲያ?"

"እንጃ።"

"እንግዲያው መጸጸት ነው" አለ፤ ቆርጦ።

"ቃሉ ይቀየርልኝ። ጥፋት የለበትም ይባልልኝ።"

"ስድስቱን ተናግረህ?"

"ተናግሬ።"

"እንዲህ ያለ ቃል እኔ አላውቅም" አለ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ እውነቱን ነው፣ ከልቡ ግራ ገብቶታል፤ እንደ እኔ። "ሰው ወይ አላጠፋም፣ ወይ ምሕረት ተደርጎለታል። ሦስተኛ የለም። ምድጃው ሦስት ቀን ሙሉ ባዶውን ነው፤ ትይዛለህ አትይዝም?"

በመስኮቱ የምድጃው ጭስ ማውጫ ይታያል። ጭስ የለውም። ብዕር ስጡኝ አልኩ። ምሕረት የተደረገለት ሌባ ተብዬ፣ ይህንንም በዓይኔ አንብቤ፣ ፈረምኩ። ኅዳር 24 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው።